ከሀዋሳ የገዛሁት የእንቁራሪት ፅንስ ስላይድ፣ ለባዮሎጂ አስተማሪዎች ሪቪው

እዚህ ሀዋሳ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ያ የእንቁራሪት ስላይድ ይገዛ ወይስ ይቅር እያሉ ስለሚጠይቁኝ በደንብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ቶሎ መልስ ለሚፈልግ ሰው፣ አዎ ይገዛል። ግን ከአስራ ሁለቱ ስላይድ ዋጋውን የሚያወጡት አምስት ስድስቱ ናቸው፣ አብሮት የሚመጣው ቡክሌት ደግሞ ተማሪ እጅ ባይገባ ነው የሚሻለው፣ እና ከኢንተርኔት በነፃ የሚገኝ ነገር ካልጨመራቹበት እንቁራሪት ለምን ይሄን ያህል በዓለም ላብራቶሪ እንደምትፈለግ ልጆቹ አይገባቸውም።

ዕቃው ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ውስጡ ያልተከፈለ እንቁላል፣ ሁለት ሴል፣ አራት ሴል፣ ስምንት ሴል፣ ሞሩላ (የሴል ክምር)፣ ብላስቱላ (ውስጡ ክፍተት ያለው የሴል ኳስ)፣ የጋስትሩላ (ሴሎቹ ወደ ውስጥ የሚገቡበት ደረጃ) መጀመሪያና መጨረሻ፣ ኒውራል ፕሌት (የነርቭ ቱቦ የሚሆነው ጠፍጣፋ ሉክ)፣ ኒውራል ቲዩብ (የነርቭ ቱቦው)፣ ጭራ ማውጣት የጀመረ ፅንስ፣ እና የተፈለፈለ ታድፖል (የእንቁራሪት ግልገል) አለ። የመጀመሪያዎቹ አራቱና ታድፖሉ ሳይቆረጡ ሙሉውን ነው የተቀመጡት፣ ሌሎቹ በስሱ ተቆርጠው ቀለም የተነከሩ ናቸው፣ ኒውክሊየሱ ወደ ሰማያዊ ሌላው ወደ ሮዝ ይላል፣ ያው የምናውቀው ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ነው። የአምራቹ ስም አልተጻፈበትም። ያገኘሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ የላብራቶሪ ዕቃ መሸጫ ነው፣ ዋጋው ከስድስት ሺ ብር ትንሽ ያልፋል፣ ለአንድ አስተማሪ ኪስ ከባድ ነው ለትምህርት ቤት ግን ደህና ነው ምክንያቱም እንደ ኬሚካል የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በስርዓት ከተያዘ አመታት ያገለግላል።

ሱቁን በተመለከተ መስተንግዷቸው በጣም ጥሩ ነው። ባለቤቷ ሁለት ሳጥን አውጥታ "ቲቸር እኔ ስለ እንቁራሪቱ አላውቅም፣ እርሶ እያዩ ይምረጡ" ብላ የማሳያውን ማይክሮስኮፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ መብራት ስላልነበረ በር ላይ ሆኜ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን ተጠቅሜ አየሁ። ይሄን የምነግራቹ ሁለቱ ሳጥኖች በውጭ አንድ አይነት ሆነው ውስጣቸው የተለያየ ስለነበር ነው፣ በአንደኛው የብላስቱላው ታችኛው ክፍል ተሰነጣጥቆ ግማሹ ወድቋል። የእንቁራሪት ፅንስ የታችኛው በኩል በአስኳል የተሞላ ነው፣ አስኳል ደግሞ ለመቁረጥ በሚረዳው ፓራፊን (ሰም) ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ በደንብ ያልተለማመደ ሰው ከቆረጠው ፍርክስክስ ይላል። ስለዚህ ሳታዩ አትግዙ፣ ካያቹ ደግሞ መጀመሪያ ብላስቱላውንና ጋስትሩላውን እዩ፣ እነሱ ደህና ከሆኑ ሌላው ደህና ነው። አንድ ያልወደድኩት ነገር፣ ከሱቁ ከወጣ በኋላ አይመለስም፣ ደረሰኙ ላይም ተጽፏል።

አሁን ወደ ስላይዶቹ።

የመጀመሪያውን፣ ያልተከፈለውን እንቁላል፣ ብዙ አስተማሪ ቶሎ ያልፈዋል። ጥቁርና ነጣ ያለ ክብ ነገር ነው፣ ከላይ ቀለም ያለበት ከታች አስኳል፣ በቃ። እኔ ግን ረጅሙን ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው ምክንያቱም እንቁራሪት ሞዴል ኦርጋኒዝም (ሳይንቲስቶች ስለ ሌላውም ፍጥረት ለማወቅ የሚያጠኗት እንስሳ) የሆነችው በእንቁላሏ ነው። ባለ ጥፍሯ እንቁራሪት ዜኖፐስ የምትጥለው እንቁላል ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ማለትም በአይን ይታያል፣ በቀጭን የመስታወት መርፌ ይወጋል፣ በስለት ይከፈላል፣ ከናቱ ሆድ ውጪ ውሃ ውስጥ ስለሚያድግ ደግሞ የማንንም ሆድ ሳትከፍቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እያያቹት ያድጋል። የአይጥ ፅንስ ማህፀን ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያድገው። በዛ ላይ ሴቷ ሆርሞን ስትወጋ በሺ የሚቆጠር እንቁላል በአንዴ ትጥላለች፣ ክረምት እስኪመጣ መጠበቅ የለም።

ይሄ የሆርሞን ነገር ታሪክ አለው። ኬፕታውን ይሰራ የነበረው ሳይንቲስቱ ላንስሎት ሆግበን በ1930 አካባቢ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የደቡብ አፍሪካዋ ዜኖፐስ ሆርሞን ስትወጋ እንቁላል እንደምትጥል አሳየ፣ ከዛ የነፍሰጡር ሴት ሽንት ሲወጉባት በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ እንቁላል ስለምትጥል የእርግዝና ምርመራ ሆነች። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ብዙ አገር ውስጥ ሆስፒታሎችና ላቦች በውሃ ገንዳ ያኖሯት ነበር፣ የፅንስ ተመራማሪዎችም እዛው አጠገባቸው አገኟት። ስንት እናት ማርገዟን ያወቀችው በዚች አፍሪካዊት እንቁራሪት ነው፣ ይሄን ለልጆች ስነግራቸው ክላሱ ፀጥ ይላል።

ከዛ የጆን ገርደንን አስከትላለሁ። ሰውየው ኦክስፎርድ እያለ ከታድፖል አንጀት ሴል ኒውክሊየሱን አውጥቶ የራሱ ኒውክሊየስ በአልትራቫዮሌት ጨረር የተገደለበት እንቁላል ውስጥ አስገባው፣ አብዛኛው አልተሳካም ከጥቂቶቹ ግን የሚዋኙ የሚበሉ ታድፖሎች ወጡ። ይሄን በ1962 አሳተመ። አንጀት የሆነ ሴል ውስጥ ያለው ኒውክሊየስ አይን ለመስራትም ጭራ ለመስራትም የሚያስፈልገውን መመሪያ ሁሉ አልጣለውም ማለት ነው፣ ከ50 አመት በኋላ በ2012 ከሺንያ ያማናካ ጋር ኖቤል የተሸለመበት ስራ ይሄ ነው። ገና ያልዳበረው እንቁላልም ለብቻው ትልቅ መሳሪያ ነው፣ የምትፈልጉትን ጂን አር ኤን ኤ (የጂኑን መልእክት ቅጂ) ብትወጉበት ፕሮቲኑን ሰርቶ ያሳያቹሃል። ፒተር አግሬ ውሃ በሴል ሽፋን (ሜምብሬን) በኩል የሚያልፍበትን ቻናል በ1992 ያረጋገጠው በዚሁ ነው፣ አር ኤን ኤውን የተወጉት እንቁላሎች ጨው የቀነሰ ውሃ ውስጥ ሲገቡ በደቂቃዎች ውስጥ አብጠው ፈነዱ ያልተወጉት ምንም አልሆኑም፣ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝቷል። እንግዲህ ይሄን ሁሉ የምናወራው ተማሪው ያቺን ክብ ነገር እያየ ነው፣ ስላይዱ ራሱ ምንም ውበት የለውም ግን በጣም ይጠቅማል።

ሁለት ሴሉ ጥራቱ አሪፍ ነው፣ መሀል ላይ ያለው ስንጥቅ ጥርት ብሎ ይታያል። እዚህ ጋ ቪልሄልም ሩን እጠቅሳለሁ፣ በ1888 ከሁለቱ ሴሎች አንዱን በጋለ መርፌ ወግቶ ገደለውና የቀረው ሴል ግማሽ ፅንስ ሰራ፣ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው እያንዳንዱ ሴል ድርሻው ተወስኗል ብሎ ደመደመ። ነገር ግን የሞተው ግማሽ ከጎኑ አልተነሳም ነበር፣ በኋላ ሌሎች ሁለቱን ሴሎች ሙሉ በሙሉ ሲለያዩዋቸው ከአንዱ ብቻ ሙሉ ፅንስ ወጣ። ሳይንስ ውስጥ ኮንትሮል (ማነፃፀሪያ) ምን ማለት እንደሆነ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አራት ሴልና ስምንት ሴል ደህና ናቸው፣ ሞሩላው ቀለሙ ስለበዛበት ጠቁሯል፣ ብዙም አያሳይም።

ጋስትሩላ ላይ ስንደርስ ሳጥኑ ግማሽ በግማሽ ነው። የመጀመሪያው ጋስትሩላ በጣም ቆንጆ ነው፣ በትክክል መሀሉን ነው የተቆረጠው፣ ከላይ ባዶው ክፍተት፣ በጎን በኩል ደግሞ ሴሎቹ ወደ ውስጥ መግባት የሚጀምሩበት የላይኛው ከንፈር የሚባለው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያ ቦታ ነው ሃንስ ሽፔማንና ሂልደ ማንጎልድ በ1924 ያሳተሙት ሙከራ ላይ ቆርጠው ሌላ ፅንስ ሆድ በኩል ሲተክሉት ሁለተኛ የአካል ዘንግ (ከፅንሱ ጋር የተጣበቀ ሁለተኛ ፅንስ) የሰራው፣ እነሱ የተጠቀሙት ኒውት የሚባለውን ጭራ ያለውን የእንቁራሪት ዘመድ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ያ ቦታ ምን አይነት ፕሮቲን እያመነጨ ጎረቤት ሴሎችን እንደሚያዝ በብዛት የተጠናው በዜኖፐስ ነው። የጋስትሩላ መጨረሻው ስላይድ ግን ገደድ ብሎ ስለተቆረጠ የአስኳሉ ቡሽ (በመግቢያው ላይ ተወትፎ የሚታየው አስኳል) የቱ ጋ እንደሆነ ለኔም አልለይ ብሎኛል፣ ለተማሪ ባታሳዩት ይሻላል።

ሙሉ ሳጥኑን እንድገዛ ያደረገኝ ኒውራል ቲዩቡ ነው። በቁመት ሳይሆን በአግድም የተቆረጠ ነው፣ ከላይ የነርቭ ቱቦው ክብ፣ ከስሩ ኖቶኮርዱ (ፅንሱን በጀርባ በኩል የሚደግፈው ዘንግ)፣ ግራና ቀኝ ጡንቻና አጥንት የሚሆኑት ቁራጮች፣ ከታች አንጀቱ፣ ሁሉም በየቦታው። ከሱ በፊት ያለውን ኒውራል ፕሌት አስቀድማቹ ብታሳዩ ጠፍጣፋው ነገር ጠርዝና ጠርዙ ተነስቶ እንደ እንጀራ ሲጠቀለል ተማሪው ራሱ ይደርስበታል፣ እናንተ መናገር አይጠበቅባቹም። ሽሩም የሚባለው ጂን ሴሎቹ ከላይ በኩል እንዲጠቡና ሉኩ እንዲታጠፍ እንደሚያደርግ የታየው በዜኖፐስ ፅንስ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰው ልጅ የነርቭ ቱቦም በዚሁ መንገድ ነው የሚዘጋው፣ ያውም ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ውስጥ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። ሳይዘጋ ሲቀር ነው ህፃናት ጀርባቸው ላይ ክፍት ሆነው ወይም የራስ ቅላቸው ሳይሞላ የሚወለዱት፣ አገራችን ውስጥ ይሄ ችግር ብዙ ነው፣ ፎሊክ አሲድ ደግሞ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ሲወሰድ ብዙውን ይከላከላል። ክላሴ ውስጥ ካሉት ሴት ልጆች ነገ እናት የሚሆኑ አሉ፣ ወንዶቹም አባት ይሆናሉ፣ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ለምን እንደሚባል በዚህ ስላይድ ካዩት በኋላ አይረሱትም። ለኔ ስድስት ሺውን ብር ያወጣው ይሄ አንድ ስላይድ ነው።

ጭራ ያወጣው ፅንስ መካከለኛ ነው። ታድፖሉ ወፍራም ስለሆነ ስታዩት ተጠንቀቁ፣ በትንሿ የ4 ኤክስ ሌንስ ብቻ እዩት፣ 40 ኤክሱን ካወረዳቹበት ሌንሱ ስላይዱን ነክቶ ሁለቱንም ታጣላቹ። እንደውም ለሙሉ ሳጥኑ 4 ኤክስ በቂ ነው፣ ፅንሱ ሚሊሜትር ምናምን ስለሆነ ሙሉው በአንድ እይታ ይገባል።

አሁን ቡክሌቱ። ሽፋኑ ላይ ዜኖፐስ ነው ያለችው፣ ጠፍጣፋ፣ የአይን ሽፋን የሌላት፣ የኋላ እግሯ ጥፍር ያለው፣ ስላይዶቹ ላይ የተለጠፈው ስም ግን ራና ነው፣ ሌላ ወገን እንቁራሪት። ይሄ ለሃይስኩል ተማሪ ብዙ ለውጥ ባያመጣም ቡክሌቱ በየስዕሉ ስር የደረጃ ቁጥር አስቀምጦ የማንን ቁጥር እንደሆነ አይናገርም። ለዜኖፐስ የምንጠቀመው ኒውኮፕና ፋበር በ1956 ያወጡት ሰንጠረዥ ነው፣ 66 ደረጃ አለው፣ ለሌሎቹ እንቁራሪቶች ደግሞ በብዛት የጎስነር የ1960ው ነው፣ እሱ 46 ላይ ያልቃል። እስከ ጋስትሩላ ሁለቱ ይቀራረባሉ ከዛ በኋላ ይለያያሉ፣ ስለዚህ ተማሪው ቁጥሩን ይዞ ኢንተርኔት ቢፈልግ ጭራ ያላወጣ ፅንስ ጭራ ካወጣው ጋር ይደባለቅበታል። እኔ ቡክሌቱን አስቀምጬ በየስላይዱ የራሴን ወረቀት ሰርቻለሁ።

ስላይድ ደግሞ የማይሰጣቹ ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። እንቁራሪትን ለሳይንቲስት ውድ የሚያደርጋት ፍጥነቷ ነው እኮ! የዜኖፐስ እንቁላል 22 ዲግሪ አካባቢ ከዳበረ በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ለሁለት ይከፈላል፣ ከዛ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ሁሉም ሴል በአንድ ጊዜ እየተከፈለ እስከ አስራ ሁለተኛው ዙር ገደማ ይሄዳል፣ ከዳበረ ከአስር ሰዓት ገደማ በኋላ ጋስትሩላ ይጀምራል፣ በነጋታው የነርቭ ቱቦው ይዘጋል፣ ሁለተኛ ሶስተኛ ቀኑ ላይ ይፈለፈላል። ጠዋት ጂን የነካቹበትን እንቁላል በነጋታው ውጤቱን ታዩታላቹ። ሳጥኑ ውስጥ አስራ ሁለቱም ተደርድረው ሲታዩ ተማሪው በመሀላቸው እኩል ጊዜ ያለ ይመስለዋል።

ለዚህ መፍትሄው ዜንቤዝ የሚባለው ዌብሳይት ነው፣ ስለ ዜኖፐስ ያለው እውቀት ሁሉ የሚሰበሰብበት ነፃ ዳታቤዝ፣ አሜሪካ ሲንሲናቲና ካናዳ ካልጋሪ ያሉ ቡድኖች ናቸው የሚያስተዳድሩት። እያንዳንዱ ደረጃ በስዕል አለ፣ ከዳበረ በስንት ሰዓቱ እንደሆነም አለ፣ የጂን ስም ስትጽፉ ደግሞ ፅንሱ ላይ የት ቦታ እንደሚሰራ ፎቶ ያወጣላቹሃል። ፓክስ 6 ብላቹ ፈልጉና አይኑ ጋ እዩት፣ ያው ጂን ሰው ላይ ሲበላሽ የአይን ቀለበቱ ሳይኖር ይወለዳል። ትላልቆቹ ፎቶዎች እዚህ ኔትወርክ ላይ ቶሎ አይከፍቱም፣ ማታ መሸት ሲል አውርዳቹ አስቀምጡና በስልክ ወይም በፕሮጀክተር አሳዩ።

ጄኔቲክስ ለምታስተምሩ ደግሞ እዛው ሁለቱን የዜኖፐስ ዝርያ ማወዳደር ትችላላቹ። ትሮፒካሊስ የምትባለዋ 20 ክሮሞዞም አላት፣ ጂኖሟ (ሙሉ የዘር መረጃዋ) በ2010 ሲወጣ ከ20,000 በላይ ፕሮቲን የሚሰሩ ጂኖች ተገኙ፣ ከነሱ ውስጥ ቢያንስ 1,700ው ከሰው በሽታ ጋር የተያያዙ ጂኖች አቻ ናቸው። የደቡብ አፍሪካዋ ሌቪስ ግን 36 ክሮሞዞም አላት ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ከ17 እስከ 18 ሚሊዮን አመት በፊት ገደማ ተዳቅለው የሁለቱንም ጂኖም እንደያዘች የቀረች ናት፣ ይሄ በ2016 ነው ጂኖሟ ሲነበብ የተረጋገጠው። ለአብዛኛው ጂን ሁለት ኮፒ ስላላት አንዱን ብታበላሹ ሌላው ይሸፍነዋል፣ ለዛ ነው የጄኔቲክስ ሰዎች ትሮፒካሊስን የሚመርጡት፣ እንቁላል የሚወጉትና የሚቆርጡት ደግሞ ትልቅ ስለሆነ የሌቪስን።

እኛ አገርም ዜኖፐስ አለ፣ ይሄን ብዙ አስተማሪ አያውቅም። ክሊቫይ የሚባለው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ይኖራል፣ ላርገኒ የሚባለው ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የለም፣ ስም የወጣለት በ1995 ነው። ሁለቱም እንደ ሌቪስ 36 ክሮሞዞም ነው ያላቸው። ልጆቼ ይሄን ሲሰሙ ከሀይቁ ዳር እንቁላል እናምጣ አሉኝ። ማየት ይቻላል፣ በክረምት ኩሬ ውስጥ ያለውን ጥቂት እንቁላል እዛው ኩሬ ውሃ በብልቃጥ ይዞ በእጅ ሌንስ ሲከፈል ማየት ከየትኛውም ስላይድ ይበልጣል፣ ሲያበቃ ግን ከነውሃው ወደወጣበት ኩሬ ብቻ ይመለስ፣ ወደ ሌላ ውሃ አታዛውሩ፣ መረብና ብልቃጡንም አድርቁ። እንቁራሪቶችን በዓለም ዙሪያ የሚፈጅ የቆዳ ፈንገስ አለ፣ ኢትዮጵያም ውስጥ ተገኝቷል፣ በውሃና በዕቃ ይተላለፋል።

አቀማመጥ ላይ፣ ሳጥኑን ስላይዶቹ ተኝተው እንዲሆኑ አድርጋቹ አስቀምጡት፣ በሀዋሳ ሙቀት ቆመው ከተቀመጡ ማጣበቂያው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትም አርቁት ቀለሙ ይለቃል።

ገንዘብ ያጠራቹ ካላቹ የሱቁን ባለቤት በነጠላ ትሸጪልናለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ፣ ያ የተሰነጠቀ ብላስቱላ ያለበት ሳጥን አሁንም እዛው ነው፣ እሱን በትና ልትሸጥ ተስማምታለች። የዛ ሳጥን ኒውራል ቲዩብና የመጀመሪያ ጋስትሩላ ደህና እንደሆኑ አይቻለሁ፣ ኒውራል ፕሌቱን ጨምራቹ ሶስቱን ብቻ ብትወስዱ ይበቃቹሃል፣ ሌላውን ከዜንቤዝ አሳዩ።